ቁልፉ ማን ጋ ነው?

(በዘንድሮው የምሩቃን መሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ከአዘጋጆቹ አንዱ የባቼ ልጅ ነው። ደውሎ "ስለ ሥራሽ ትንሽ ተናገሪ" ሲለኝ "ስለ ጨዋታ ነው የማወራው" አልኩት። "የልጆች ጨዋታ?" አለ። "አይ፣ ተማሪዎቼን የማስተምርበት ጨዋታ" ስለው ለአፍታ ዝም አለና "እሺ፣ ግን አታስረዝሚው" አለኝ። ላለማስረዘም እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምኖረውም የምሠራውም አስኮ ነው። አስኮ ሲባል የጫማ ፋብሪካው፣ ወይም ወደ ቡራዩና አምቦ የሚያወጣው መንገድ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ከዚያ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ በሳምንት ሁለት ቀን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጤና መኮንኖች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ልጆች ናቸው። በኮሌጁ ግቢ ውስጥ የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት አንድ ክፍል ነበር። እሱን ለምኜ ተረከብኩ። ከመርካቶ አራት ጓጉንቸር ገዛሁ፤ ሁለቱ በቁጥር የሚከፈቱ፣ ሁለቱ በመክፈቻ። ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ነው።

በውጭው ዓለም ኤስኬፕ ሩም ይሉታል። ጥቂት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ ሰዓት ይቆጠርባቸዋል፣ በክፍሉ ውስጥ የተደበቁ ፍንጮችን እያገጣጠሙ አንዱን ቁልፍ ከሌላው በኋላ ይከፍታሉ፣ በመጨረሻም "ያመልጣሉ"። በ2007 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ለመዝናኛ ተጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አውሮፓ ገባ። ከዚያ የጤና መምህራን ወሰዱት። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሰሜን ዳኮታ መምህራን የስኳር ሕመም ሕክምናን ለፋርማሲ ተማሪዎች በዚህ መንገድ እንዳስተማሩ ጽፈው አሳተሙ። በ2019 ደግሞ ስፔን ውስጥ የግራናዳ መምህራን ከነርሲንግ ተማሪዎቻቸው ጋር የሞከሩትን አወጡ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ጽሑፍ ብዙ ነው።

ለእኛ ግን ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ሁላችንም ማታ ማታ "እንቆቅልህ?" ተብለን "ምን አውቅልህ!" እያልን ነው ያደግነው። መልሱ ሲጠፋብን "አገር ስጠኝ" እንባላለን። አገር እንሰጣለን፣ መልሱ ይነገረናል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አለማወቁን በአደባባይ የተናገረ ልጅ አገር ቢከስርም አያፍርም ነበር። ኋላ ዋርድ ውስጥ ስንገባ ይህን ልማድ የት እንደጣልነው እንጃ።

አሁን ወደ ክፍሉ ላስገባችሁ።

ማኔኪን የለንም። አልጋው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ትራስ ተኝቷል፤ እሷ እናት ናት። ከሌላ ጤና ጣቢያ ወልዳ፣ ደም አልቆም ብሏት ወደ እኛ የተላከች ናት። አብሯት የመጣ ፌስታል አለ። በውስጡ በቀይ ስር ውሃ የተነከሩ ጨርቆች አሉ። ጠረጴዛው ላይ የኩሽና ሚዛን፣ የሪፈር ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት፣ መስኮቱ ጋ አንድ ፓኮ፣ ጥግ ላይ የክትባት መያዣ ሣጥን። ስድስት ተማሪዎች ይገባሉ። የተሰጣቸው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያው ጓጉንቸር ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፤ የፈሰሰው ደም መጠን ነው። ተማሪዎቹ ፌስታሉን ከፍተው ያያሉና ይገምታሉ። "ሦስት መቶ ሚሊ ይሆናል" ይላል አንዱ። "አይ፣ አራት መቶ" ትላለች ሌላዋ። ጓጉንቸሩ አይከፈትም። ሚዛኑን ያስታወሰ ሰው ሲኖር ጨርቁን ይመዝናል፤ 1,150 ግራም። በደረቁ ስንት እንደሚመዝን ሣጥኑ ላይ ተጽፏል፤ 300። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ስናሰላ 850 ይመጣል። ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። በዓይን ስንገምት ደምን አሳንሰን እንደምናይ እኔ ለዓመታት በስላይድ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ልጆቹ ግን ያመኑት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው የኦክሲቶሲን ነው። አንዱ ፓኮ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ ሌላው ሣጥኑ ውስጥ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። መክፈቻው የተለጠፈው በትክክለኛው ሥር ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ እንዳለበት የፋርማሲው ልጅ ያውቃል። ጥያቄው የሚጠይቀው ሰው ይኖራል ወይ ነው።

ሦስተኛውን ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ ከራሳችን ኑሮ የወጣ ስለሆነ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተቆለፈበት ካቢኔት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት በ21 አገሮች ከ20,000 በላይ እናቶችን ያካተተ ነበር፤ መድኃኒቱ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት እንደሚቀንስ፣ በተለይም በወለደች በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፣ አሳየ። ከዚያ በተደረገ ትንተናም በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ 10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታየ። ስለዚህ ጓጉንቸሩ የሚጠይቀው "ከሦስቱ ሰዓት ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?" የሚለውን ነው። የሪፈሩ ወረቀት "የወለደችበት ሰዓት 8፡40" ይላል። የግድግዳው ሰዓት ደግሞ 4፡20 ነው።

ሳቃችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከሌሊቱ 10፡20 ማለት ነው። ወረቀቱ ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ስለዚህ ያለፈው 100 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 80 ደቂቃ ይቀራል። አንድ ቡድን ሁለቱንም በፈረንጅ አንብቦ፣ ከምሽቱ 8፡40 ጀምሮ ቆጥሮ፣ "ሦስት ሰዓቱ አልፏል፤ አይሰጣትም" ብሎ ወሰነ። ተረጋግተው፣ በጥሩ ስሌት፣ መድኃኒቱን ከለከሏት። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?

አራተኛው ግን ሌላ ነው። ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካርድ እሰጣለሁ። ለአንዷ የአዋላጅ ተማሪ የምሰጣት ካርድ "ምጥ ከያዛት ጀምሮ ሽንት አልሸናችም፤ ፊኛዋ ሞልቷል" ይላል። ፊኛ ሲሞላ ማህፀን በደንብ አይኮማተርም፤ ይህን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። የመጨረሻውን ሣጥን መክፈቻ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከቡድኑ አንድ ሰው "ካቴተር ይግባላት" ካለ እሰጠዋለሁ።

የመጀመሪያው ቡድን አልከፈተውም። 30 ደቂቃው አለቀ። እየሳቁ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ "ዶክተር፣ እንደገና እንግባ!" እያሉኝ።

ወንበር አክብበን ተቀመጥን። "ምን ቀራችሁ?" አልኳቸው። ማንም አላወቀም። ያቺ የአዋላጅ ተማሪ መሬት መሬት እያየች "እኔ ብዬ ነበር" አለች። "መቼ?" ሲላት ቡድኑን ሲመራ የነበረው የጤና መኮንን ተማሪ፣ "ሁለት ጊዜ" አለችው። አላመናትም። ደግነቱ በፈቃዳቸው በስልኬ ቀርጬ ነበር። ከፈትነው። በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ "ፊኛዋ ሞልቷል" የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ማንም ዞር አላለም። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ደግማ ትላለች፤ እሱ ከጓጉንቸሩ ጋር እየታገለ "እሺ፣ ቆይ" ይላል።

ልጁ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው። ቆየት ብሎ "ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። ግን ለእኔ የምትነግሪኝ አልመሰለኝም" አላት።

"ለአንተ ነበር እኮ። ለማን እነግራለሁ?" አለችው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን ታሪክ በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ ነው። የት እንደነበር አልናገርም፤ የትም ሊሆን ይችል ነበር። ዲዩቲ ነበርኩ። አንዲት የ21 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ወለደች፤ ከዚያ ደም አልቆም አላት። ማህፀኗን ስናሸው ይቆማል፤ ስንተወው ይመለሳል። መድኃኒቱ ካቢኔት ውስጥ አለ። ካቢኔቱ ግን ተቆልፏል፤ ከዚያ በፊት መድኃኒት ስለጠፋ መቆለፉ ትክክል ነበር። ቁልፉ የያዘችው ሲስተር ሌላ በሽተኛ ይዛ በአምቡላንስ ወጥታለች፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ አብሯት ሄዷል። አንዱ ስልክ ይደውላል፣ አንዱ ወደ ሌላ ዋርድ ይሮጣል፣ አንዱ የካቢኔቱን በር በመቀስ ይፈለቅቃል።

በሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ቆመዋል። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። "ዶክተርዬ፣ ቁልፉ እኮ…" አሉኝ። እኔ ደግሞ ወለሉን ሊያጸዱ የመጡ መስሎኝ "እትዬ፣ እባክዎ አሁን ይውጡልኝ" አልኳቸው። ወጡ።

መድኃኒቱ ከሌላ ዋርድ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ አለፈ። መጥቶም ደሙ አልቆመም። ልጅቷ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ሕይወቷ ተረፈ፤ ማህፀኗ ግን ወጣ። ሊነጋጋ ሲል ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እትዬ ሻይ አመጡልኝና "ትርፉ ቁልፍ አንሶላ ቤት ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ነበር፤ እሱን ልነግርሽ ነበር" አሉኝ። ያን በር በየቀኑ የሚወለውሉት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ምስማሩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ቁልፉ በጊዜ ቢገኝ ማህፀኗ ይተርፍ ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ በሕክምናችን እንዲህ ያለ መሐላ የለም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ሌሊት የመድኃኒቱን መጠን የማያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም ፈተናውን አልፈናል። ያጣነው የቁልፉን ቦታ ነበር፤ እሱንም የሚያውቀውን ሰው እኔው ራሴ አስወጣሁት።

እንግዲህ የጨዋታው ጉዳይ ለእኔ ይኸው ነው። ተማሪዎች ይወዱታል፣ ይስቃሉ፣ ክፍል አይቀሩም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። በሳቁ ብቻ ግን ጓጉንቸር ተሸክሜ አልዞርም ነበር። መጠንና ቅደም ተከተል በመጽሐፍም በሌክቸርም ይያዛል። ሰዓት እየቆጠረ፣ ሰው እየተጯጯኸ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረን ነገር መስማት ግን በስላይድ አይያዝም። ተናጋሪውም እንዲሁ ነው፤ ይሉኝታ ይዞት፣ "ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ" ብሎ የዋጠውን ቃል ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ መናገርን የሚለማመድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተሳስቶ ማንም የማይሞትበት ቦታ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ሐሳብ ከጃፓን አመጣሁት ብዬ ብመጻደቅ መምህራኖቼ ይታዘቡኛል። በ1945 ዓ.ም. የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነበር የሚሠለጥኑት። የሕክምና ዶክተር ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ገደማ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመርም ያ ልማድ አልቀረም። እኛ ራሳችን ቲቲፒ ወጥተን አብረን አልበላንም? አብረን ውሃ አልቀዳንም? መጸዳጃ ቤት እየቆጠርን ስንዞር የአካባቢ ጤናው ልጅ ሁላችንንም አልመራንም? እዚያ "ዶክተር" የሚለው ማዕረግ ብዙም አይጠቅምም ነበር፤ ወጥ መሥራት የሚችል ሰው ይበልጥ ይከበር ነበር።

ከዚያ ተመለስንና በየዋርዳችን ተበታተንን። የፋርማሲው ልጅ መስኮቱ ኋላ ገባ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ ከወረቀት ውጪ አልታየችም። በአስኮ የማደርገው ነገር፣ የዚያን የገጠር ጤና ጣቢያ ጥቂት ሳምንት አሳጥሬ 30 ደቂቃ ውስጥ ለመክተት መሞከር ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ለመሞከር የምታስቡ መምህራን ካላችሁ፣ ተሳስቼ የተማርኳቸውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በሩን በእውነት አትቆልፉ። ሣጥኖቹ ይቆለፉ፤ በሩ ክፍት ይሁን። የተዘጋ ቤት የሚያስጨንቀው ተማሪ አለ፤ እሳትም አለ። መውጣት የፈለገ ሳይጠየቅ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ እንቆቅልሹ ሕክምና ይሁን። መጀመሪያ ላይ ያማረብኝ መስሎኝ ፊደል በቁጥር የሚተካበት ምሥጢራዊ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። ልጆቹ ሩቡን ጊዜ እሱ ላይ ፈጁት፤ የተማሩት ምሥጢራዊ ጽሑፍ መፍታት ነው። ጓጉንቸሩ የሚከፈትበት ሐሳብ አልጋው ጋ የማይጠቅም ከሆነ አውጡት።

ሦስተኛ፣ ነጥብ አትስጡበት። እኔ አንድ ጊዜ ከመቶ አሥር ሰጠሁበትና ጎበዞቹ ሰነፍ የመሰላቸውን ከጓጉንቸሩ አጠገብ ማራቅ ጀመሩ። ፈተና ሲሆን "አገር ስጠኝ" የሚል አይኖርም።

አራተኛ፣ ከጨዋታው በኋላ ያለው ውይይት ከጨዋታው ይርዘም። ለ30 ደቂቃ ጨዋታ ቢያንስ 45 ደቂቃ እንቀመጣለን። ማን ምን አየ? ማን ምን ሊል ፈልጎ ተወው? ለምን? ጊዜ ካጠራችሁ ከጓጉንቸሮቹ ሁለቱን ቀንሱ እንጂ ውይይቱን አትቀንሱ። ሳይወያዩ የወጡ ልጆች የሚያስታውሱት ማሸነፋቸውን ወይም መሸነፋቸውን ብቻ ነው።

ዋጋውን ለምትጠይቁ፣ ዛሬ እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ምሳ ከጓጉንቸሮቹ ሳይበልጥ አይቀርም። ውዱ ነገር የመምህሩ ጊዜ ነው። ስድስት ስድስት ልጅ እያስገቡ አንድን ሙሉ ክፍል ለማዳረስ ቀናት ይፈጃል። ይህን የሚቀበል ዲን ማግኘት ያስፈልጋል፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ዲኖች ሰምታችሁኛል።

ከምሩቃኑ የምፈልገው ግን ገንዘብ አይደለም። ታሪክ ስጡኝ። እያንዳንዳችሁ አንድ ሌሊት አላችሁ፤ ሁሉም ሰው መልሱን እያወቀ ነገሩ የተበላሸበት፣ ወይም ለጥቂት የተረፈበት። ስም አልጠይቅም፣ ቦታ አልጠይቅም። ምን ተቆልፎ እንደነበር፣ ቁልፉም ማን ጋ እንደነበር ብቻ ንገሩኝ። እኔ ከመርካቶ ጓጉንቸር እገዛና ክፍሉን እሠራዋለሁ። የእኛ ስህተት የእነሱ መለማመጃ ቢሆን ምናለ?

አሁን በአስኮው ክፍል አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። አምስተኛ ጓጉንቸር አለ፤ መክፈቻው ክፍሉ ውስጥ የለም። ተማሪዎቹ ሲገቡ የኮሌጁ የጽዳት ሠራተኛ፣ በፈቃደኝነት፣ መወልወያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ይቆማሉ። መክፈቻው በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። ለጠየቃቸው ይሰጣሉ። ልጆቹ አልጋውን ይገለብጣሉ፣ ጣራውን ያያሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርደው ጀርባውን ይፈትሻሉ። እሳቸውን ቀድሞ የጠየቀው እስካሁን አንድ ቡድን ብቻ ነው። የጠየቀችው ደግሞ ያቺው ስለ ፊኛው ሁለት ጊዜ ተናግራ ያልተሰማችው የአዋላጅ ተማሪ ናት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስትገባ።

 ምሳው ሳይቀዘቅዝ ልልቀቃችሁ።